ሁለቱ ቃሬዛዎች

«በረዶ» የሚለው ቃል በኢትዮጵያ ገበሬ ጆሮ የጨዋታ ስም አይደለም። በክረምት ወራት ከደመና ተወርውሮ ቡቃያ የሚደቁስ፣ እረኛን ከዛፍ ሥር የሚያስጠጋ፣ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ልፋት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከጭቃ የሚደባልቅ ጠጠር ስም ነው። በአልፕስ ተራሮች ግን ይኸው ቃል የሚጠራው ሌላ ነገር ነው። እዚያ በረዶ እንደ ተነደፈ ጥጥ ዝም ብሎ ይወርዳል፤ ተከምሮም እስከ ጸደይ ይቆያል፤ ሰዎችም ከሩቅ ከተማ መጥተው፣ ገንዘብ ከፍለው፣ በላዩ ይንሸራተታሉ። እንግዲህ በረዶ የሥጋት ስም ከሆነበት አገር ተነሥቶ በረዶ የደስታ ስም በሆነበት አገር የሚኖር ሰው በዚህ ጨዋታ ላይ ቢሰበር ምን ይባላል? በሥራ ላይ ለተሰበረ ሰው በሚታዘነው መጠን ይታዘንለታል? ወይስ «የእጁን አገኘ» ተብሎ ይታለፋል? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ጠለቅ ተብሎ ሲመረመር ግን የሰው ልጅ ክብር ከየት ይመነጫል ወደሚለው ታላቅ ጥያቄ ያደርሳል።

ነገሩ በምሳሌ ቢቀርብ ይበልጥ ይጎላል። በአንድ የስዊዘርላንድ ከተማ፣ በምግብ ቤት ማድ ቤት ውስጥ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ አለ ይባል። ከአገሩ ከወጣ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ከወር ደመወዙ የቤት ኪራዩን፣ ግብሩንና የመድን ክፍያውን ካወጣ በኋላ ከሚተርፈው ላይ ለእናቱና ለሁለት ታናናሾቹ ይልካል። በፈረንጆች የካቲት ወር የሁለት ቀን ዕረፍት ሲያገኝ የሥራ ጓደኞቹ አንደርማት ወደምትባለው የተራራ መንደር ይዘውት ሄዱ። የተከራየው መንሸራተቻ ስኖውቦርድ የሚባለው፣ ሁለቱም እግሮች የሚታሰሩበት አንድ ወጥ ሰሌዳ ነበር። በዚህ ሰሌዳ ላይ የቆመ ሰው በእጁ የሚይዘው ምርኩዝ የለውም። እግሮቹም የታሰሩ ስለሆኑ አንዱን አንሥቶ ራሱን መደገፍ አይችልም። ስለዚህ ሚዛኑን የሳተ ጀማሪ ሳያስብ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ እጁን ዘርግቶ መሬቱን መቀበል። በስኖውቦርድ ጀማሪዎች ዘንድ የእጅ አንጓ ከሌላው የአካል ክፍል ይልቅ ደጋግሞ የሚሰበረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሰውየውም ከቀትር በኋላ፣ «አሁንስ ለመድኩት» ባለበት ሰዓት፣ እጁን እንደ ዘረጋ ወደቀ። አጥንቱ ሲሰበር የተሰማው ድምፅ ደረቅ ጭራሮ በጉልበት ላይ ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ ነበር። ከኋላው ይመጣ የነበረ አንድ የማያውቀው ሰው ቆመ። መንሸራተቻዎቹን አውልቆ ከወደቀው ሰው በላይ በኩል አመሳቅሎ በበረዶው ላይ ተከላቸው፤ ከላይ የሚመጡት አይተው እንዲርቁ የሚያደርግ ምልክት ነው። ካፖርቱን አውልቆ አለበሰው፤ ወደ ነፍስ አድን ሠራተኞችም ደወለ። እነዚያም በበረዶ ላይ የሚሳብ ቃሬዛ ይዘው መጡ። በማግሥቱ እናቱ ደወሉ። እጁ በጀሶ ታስሮ በሥዕል መልእክቱ ላይ ሲያዩ፣ «እኔን ልጄን! እኔን ይስበረኝ! ምን ሆነህ ነው?» አሉ። ልጅየው ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «ምንም አይደል እማዬ፤ ወደ ሥራ ስሄድ በረዶ አዳልጦኝ ነው» ሲል መለሰ።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የሚነሣው ከዚህች አጭር መልስ ነው። በረዶው እውነት ነው፤ ማዳለጡም እውነት ነው። ውሸቱ «ወደ ሥራ ስሄድ» በምትለው ላይ ብቻ ነች። ሰውየው ማንንም አልሰረቀም፤ ማንንም አልመታም። ታዲያ ጨዋታውን እንደ ወንጀል የሚሸሽገው ለምንድን ነው?

ወደ አንደርማት የሚወስደው ባቡር በጐሸነን ጣቢያ ያልፋል። ጐሸነን እ.ኤ.አ. ከ1872 እስከ 1882 በተቆፈረው፣ 15 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የጎትሃርድ የባቡር ዋሻ ሰሜናዊ አፍ ላይ የምትገኝ መንደር ናት። ዋሻውን የቆፈሩት በአብዛኛው ከኢጣልያ የመጡ ስደተኛ ሠራተኞች ነበሩ። ወደ 200 የሚጠጉት በሥራው ላይ ሞተዋል። በ1875 በጐሸነን ሥራ አቁመው በተነሡ ጊዜም በተተኮሰባቸው ጥይት አራቱ ወድቀዋል። ዋሻው ባለቀበት ዓመት ቪንቼንዞ ቬላ የተባለው የዚያው አገር ቀራፂ «የሥራ ሰለባዎች» የሚል ስም የሰጠውን ግዙፍ የግድግዳ ቅርጽ ሠራ። በቅርጹ ላይ የሚታዩት ጎንበስ ያሉ የዋሻ ሠራተኞች ናቸው። በመካከላቸው የሞተ ጓደኛቸውን በቃሬዛ ተሸክመዋል። የቅርጹ ነሐስ ቅጂ ከ1932 ጀምሮ በዋሻው ደቡባዊ አፍ፣ በአይሮሎ ጣቢያ ቆሞ ይገኛል።

እንግዲህ በአንድ ተራራ ሁለት ቃሬዛዎች አሉ ማለት ነው። አንደኛው በነሐስ ተቀርጾ መንገደኛ ቆሞ የሚያየው የሥራ ቃሬዛ ነው። ሁለተኛው በየክረምቱ የሚንሸራተተው፣ ቀራፂ ያላገኘው፣ ከተሳፋሪውም እፍረት እንጂ ክብር የማይጠብቀው የጨዋታ ቃሬዛ ነው። በመጀመሪያው ላይ ያለው ሰው ለሌሎች እንጀራና መንገድ ሲል ወደቀ። በሁለተኛው ላይ ያለው ለራሱ ደስታ ሲል ወደቀ። ልዩነቱ ግልጽ ነው። ሁለቱን አንድ ናቸው ማለት በዋሻው ውስጥ በቀሩት ላይ ግፍ መሥራት ይሆናል።

ሰውየውን የሚወቅሱት ወገኖች ክርክር ቀላል ተብሎ የሚናቅ አይደለም። የዚያ ሰው እጅ፣ ይላሉ፣ የእርሱ ብቻ አይደለም። ያ እጅ ሽንኩርት ሲከትፍ፣ ድስት ሲያነሣ፣ ሰሐን ሲያጥብ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝ አንድ ቤት ያድራል፤ አንዲት ታናሽ እኅት ደብተር ትገዛለች። የዚህን እጅ ደኅንነት ለግማሽ ቀን ደስታ ማስያዝ በሌላው እንጀራ መቆመር ነው። ለመሳፈሪያ፣ ለኪራይና ወደ ተራራው ለሚያወጣው ተንጠልጣይ ወንበር የከፈለው ገንዘብስ ምን ያህል ጤፍ ይገዛ ነበር? ይህ ክርክር በእናቶች ፊት ላይ የተጻፈ ነውና ማንም በቀላሉ አይገፋውም። ሰውየውም የዋሸው ክርክሩን ማንም ሳይነግረው በልቡ ስለ ሰማው ነው።

ይሁንና ክርክሩ እስከ መጨረሻው ሲገፋ የት እንደሚያደርስ መመርመር ያሻል። እጁ ለሌሎች እንጀራ ስለሚሆን ብቻ የተከበረ ከሆነ፣ መሥራት ባቆመ ቀን ክብሩ ያበቃል ማለት ነው። ሲታመም፣ ሲያረጅ፣ ሲደክም የሚገባው ርኅራኄ የቀደመ ጥቅሙ ታስቦ የሚሰፈር ይሆናል። ባሪያ አሳዳሪም ለባሪያው እጅ መሰበር ያዝን ነበር፤ የሚያዝነው ግን ስለ እጁ እንጂ ስለ ሰውየው አልነበረም። ዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ እ.ኤ.አ. በ1948 ሲወጣ በ24ኛው አንቀጽ የዕረፍትንና የመዝናናትን መብት ከሥራ መብት ቀጥሎ ያሰፈረው በከንቱ አይደለም። ዕረፍት ለነገው ሥራ ጉልበት መሰብሰቢያ ብቻ ቢሆን ኖሮ የመብት ስም ባላስፈለገው ነበር፤ ለበሬም ያንኑ ያህል ይሰጠዋልና።

ደግሞስ ጨዋታ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር ነውን? በገና ዕለት ሩር ሲመታ ስንት ቅልጥም ተሰብሯል! በጉግስ ሜዳስ ስንት ፈረሰኛ ከኮርቻው ተፈንግሏል! ቁስለኛው ወደ ወጌሻ ቤት ሲወሰድ «ለምን ተጫወትክ?» ያለው አልነበረም። እንዲያውም በገና ጨዋታ ዕለት ጌታ በሎሌው እንዳይቆጣ አበው የደነገጉት፣ ሰው ቢያንስ በዓመት አንድ ቀን ከጥቅሙና ከማዕረጉ ተላቅቆ ሰው ብቻ ሆኖ መታየት እንዳለበት ስለ ተረዱ ነው። ሆላንዳዊው የታሪክ ሊቅ ዮሐን ሁይዚንጋም እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው መጽሐፉ ባህል ራሱ ከጨዋታ ውስጥ እንደሚወለድ ተከራክሯል። ይህ ለኪነ ጥበብ ሰዎች አዲስ አይሆንም። ሙያቸው ራሱ «ለመሆኑ ምን ይጠቅማል?» ተብሎ ከሚጠየቀው ከዚያው ወገን ነውና። ጨዋታ የሚያሳፍር ከሆነ ማሲንቆም ያሳፍራል።

ስኖውቦርድም የተወለደው ከልጅ ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ የሚሺገን ግዛት ሸርማን ፖፐን የተባለ ሰው ሁለት የበረዶ መንሸራተቻዎችን አጋጥሞ ለልጆቹ መጫወቻ ሠራ። ከዚያች መጫወቻ የመጣው ስፖርት በ1998 በናጋኖ ከክረምት ኦሎምፒክ ውድድሮች አንዱ ሆነ። በረዶ የሌላት ኢትዮጵያም ብትሆን በሮቤል ተክለማርያም አማካይነት በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010 በቫንኩቨር በበረዶ ላይ ሩጫ ተሳትፋለች። ያን ጊዜ ባንዲራውን ያየ ኢትዮጵያዊ ደስ አለው እንጂ አላፈረም። ታዲያ በአደባባይ የሚያስደስተው ነገር አንድ የማድ ቤት ሠራተኛ በዕረፍት ቀኑ ሲያደርገው የሚያሳፍርበት ምክንያት ምንድን ነው?

ይህ ሁሉ ግን የጨዋታን መብት እንጂ የተጫዋቹን ኃላፊነት ገና አላሳየም። ኃላፊነቱ የት ላይ እንደሚጀምር ለማየት ተራራው ራሱ ጥሩ አስተማሪ ነው። ዓለም አቀፉ የበረዶ ሸርተቴ ፌዴሬሽን ለመንሸራተቻ ሥፍራዎች ያወጣቸው ደንቦች አሥር ናቸው። ሦስተኛው ደንብ ከኋላ የሚመጣው ከፊቱ ያለውን አደጋ ላይ እንዳይጥል መንገዱን እንዲመርጥ ያዛል። ዘጠነኛው አደጋ በደረሰ ጊዜ ማንኛውም ተንሸራታች የመርዳት ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። አሥረኛው ደግሞ በአደጋው ያለበትም ሆነ ምስክር የሆነ ሁሉ ስሙን እንዲሰጥ ይጠይቃል። የእነዚህ ደንቦች ቅደም ተከተል ልብ ሊባል ይገባል። በመጀመሪያ ጥንቃቄ፣ ቀጥሎ እርዳታ፣ በመጨረሻም እውነት ነው። እርዳታው እውነቱ እስኪጣራ አይጠብቅም። ያ የማይታወቅ ሰው ካፖርቱን ያለበሰው «በማን ጥፋት ወደቅህ?» ብሎ ጠይቆ አይደለም።

ይህ ልማድ ከጨዋታው በፊት የነበረ ነው። 2,469 ሜትር ከፍታ ባለው በታላቁ የቅዱስ በርናርድ ማለፊያ ላይ ከአሥራ አንደኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ የሚኖሩት መነኮሳት በበረዶ የተያዘን መንገደኛ ሲያወጡ ነጋዴ ይሁን ተሳላሚ፣ ወታደር ይሁን ሽፍታ አስቀድመው አልመረመሩም። በአገር ቤትም ዕድር ለቀስተኛውን ሲያስተናግድ ሟቹ በእርሻ ላይ ሞተ ወይስ በሠርግ ጭፈራ ብሎ አይጠይቅም። ድንኳኑ ይተከላል፤ ወንበሩ ይደረደራል።

የስዊዘርላንድ የአደጋ መድን ሕግም ይህንኑ ሐሳብ በአንቀጽ ከፋፍሎ አስቀምጦታል። እ.ኤ.አ. በ1912 በሕዝብ ድምፅ በጸደቀው ሕግ መሠረት የተቋቋመው፣ በ1918 ሥራ የጀመረው የአገሪቱ የአደጋ መድን ድርጅት ገና ከመነሻው ሠራተኛውን በሥራ ላይ ከሚደርስበት አደጋ ብቻ ሳይሆን ከሥራ ውጭም ከሚደርስበት ጠበቀው። ከ1984 ጀምሮ በሚሠራበት ሕግ ለአንድ ቀጣሪ በሳምንት ቢያንስ 8 ሰዓት የሚሠራ ሰው በዕረፍት ቀኑ ቢሰበር ሕክምናው ይሸፈንለታል። መሥራት ካልቻለም አደጋው ከደረሰ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ከደመወዙ 80 በመቶ ይከፈለዋል። የሥራ አደጋውን መድን የሚከፍለው ቀጣሪው ሲሆን ከሥራ ውጭ ላለው አደጋ ግን በመሠረቱ ከሠራተኛው ደመወዝ ይቆረጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ይህ ነው። ስለዚህ የማድ ቤቱ ሠራተኛ በጀሶ የታሰረው በምጽዋት አይደለም። ከወር ወር ለማያውቃቸው ሰዎች ስብራት ሲከፍል ኖሮ ተራው ሲደርስ እነርሱ ለእርሱ ከፈሉ።

ሕጉ በዚህ አያበቃም። አውቆ ራሱን ለተለየ ከባድ አደጋ ያጋለጠ ሰው የሚያገኘው ገንዘብ በግማሽ ይቀነሳል፤ ነገሩ እጅግ በከበደ ጊዜም ሊከለከል ይችላል። ሕክምናው ግን አይነፈገውም። በዚህ አሠራር ውስጥ አንድ ጥልቅ የሥነ ምግባር መለያ አለ። ሥጋው ያለ ፍርድ ይታከማል፤ ፍርዱ በኋላ፣ በሌላ መዝገብ ይመጣል። ቁስልን ከጥፋት ጋር አንድ ላይ መጠቅለል ጭካኔን ይወልዳል። ቁስል አለና ጥፋት የለም ማለትም ግዴለሽነትን ይወልዳል። ትምህርት ሳይወስድ፣ የአንጓ መከላከያ ሳያጠልቅ፣ ከተከለለው መስመር ወጥቶ፣ የጎርፍ በረዶ ማስጠንቀቂያ ንቆ የወረደና በተፈቀደው መስመር ላይ በጀማሪነቱ የወደቀ ሰው በቃሬዛው ላይ እኩል ናቸው፤ በኅሊና ፊት ግን እኩል አይደሉም።

እዚህ ላይ የዚያች አጭር ውሸት ክብደት ይታያል። ያው ሕግ ለአንድ ቀጣሪ ከ8 ሰዓት በታች የሚሠራን ሰው ከሥራ ውጭ ለሚደርስ አደጋ አያካትተውም፤ ወደ ሥራ ሲሄድና ሲመለስ የሚደርስበትን ግን እንደ ሥራ አደጋ ይቆጥርለታል። ከቤት ወደ ቤት እየዞረች ለእያንዳንዱ ቀጣሪ ሁለት ሁለት ሰዓት የምታጸዳ ስደተኛ ሴት በዕረፍት ቀኗ ብትሰበር የምትቀርበው ወደ ሕመም መድኗ ነው፤ በዚያ በኩል ደግሞ ከወጪው ከፊሉን ራሷ ትሸከማለች፤ በቀረችበት ቀንም ከዚህ መድን የሚተካላት ደመወዝ የለም። ለእርስዋ «ወደ ሥራ ስሄድ» የምትለው ቃል እፍረት መሸፈኛ ብቻ ሳትሆን ገንዘብ ናት። እንዲህ ያለው ውሸት ውሸትነቱ አይቀርም፤ የመድኑን ሸክም ያለ ፈቃዱ ወደ ቀጣሪው ያዞራልና። ነገር ግን ወቀሳው በእርስዋ ላይ ብቻ አያርፍም። ብዙ የሠራችውን ሰዓት በጥቂት በጥቂቱ ከፋፍሎ የሚቆጥርና ከመድኑ የሚያወጣት ሥርዓትም የድርሻውን ይወስዳል። በጨዋታም በስብራትም ዋስትና ያለውና የሌለው ሰው አንድ በረዶ ላይ ቆመው ሁለት ዓለም ውስጥ ይወድቃሉ።

የማድ ቤቱ ሠራተኛ ግን በሥራው ዋስትና ያለው ነው። ለአሠሪው የሞላው ቅጽ የት፣ መቼ፣ ምን ሲያደርግ እንደ ተጎዳ ይጠይቃል፤ እርሱም እውነቱን ጽፏል። የዋሸው ለማያውቀው ጸሐፊ ሳይሆን ከሁሉ አስበልጦ ለሚወዳት ሴት ነው። እዚህ ላይ ሁለት ጉዳት ይታያል። አንደኛው ተግባራዊ ነው፤ አንጓው እስኪጠገን ለሳምንታት ደመወዙ ስለሚጎድል የሚልከውም ይጎድላል። እውነቱን ያላወቀ ቤተሰብ ጉድለቱን ለመጋራት አይሰናዳም። ሁለተኛው ከዚህ ይከፋል። ውሸቱ እናቱን ሳያማክር ስለ እናቱ ይፈርዳል። ልጃቸውን እንደ ገንዘብ ምንጭ ብቻ የሚያዩ፣ ደስ ብሎት መዋሉን ቢሰሙ የሚቀየሙ ሴት አድርጎ በኅሊናው ይቀርጻቸዋል። ራሱን ወደ እጅ ዝቅ ሲያደርግ እናቱንም ወደ ተቀባይ እጅ ዝቅ አደረጋቸው።

እንግዲህ መልሱ እንዲህ ይመስላል። በጨዋታ የተሰበረ ሰው በሥራ የተሰበረውን ሰው ክብር ሊጋፋ አይገባውም፤ የዋሻው ሟቾች ነሐስ ይገባቸዋል። ርኅራኄን ግን ከሁለቱ ለአንዱ ብቻ መስፈር አይቻልም፤ ርኅራኄ የሚሰጠው ለወደቀበት ምክንያት ሳይሆን ለወደቀው ሰው ነውና። ተጫዋቹ ለዚህ ርኅራኄ የሚመልሰው ብድር ሦስት ነው። ከመውጣቱ በፊት ለበታቹ ላሉትና በእርሱ ለሚያድሩት መጠንቀቅ፤ ሌላው ሲወድቅ መቆም፤ ራሱ ሲወድቅ አለመዋሸት። እነዚህን የከፈለ ሰው በእፍረት አንገቱን የሚደፋበት ምክንያት የለውም።

ሰውየው በሦስተኛው ሳምንት ራሱ ደወለ ይባል። «እማዬ፣ ያን ጊዜ ወደ ሥራ ስሄድ አልነበረም። ከጓደኞቼ ጋር ስጫወት ነው የወደቅኩት። የዚህ ወሩ ገንዘብም ትንሽ ያንሳል» አለ። እናቱ ወዲያው አልመለሱም። ከዚያ፣ «አንተ ልጅ፣ ከሾላው ወድቀህ ክንድህ ሲያብጥ በሬው ወጋኝ ያልከኝ ትዝ ይልሃል? እኔ እኮ በሬው የዚያን ቀን ከጋጣ እንዳልወጣ አውቅ ነበር» አሉት። ቀጥለውም ጣቶቹን ማንቀሳቀስ ይችል እንደሆነ ጠየቁት።